«ምንም የለብሽም»

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ማክሰኞ ማታ፣ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የወር መዝጊያ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ስታገል ነው የዋልኩት። ምሳ አልበላሁም። ቡና ግን ደጋግሜ ጠጥቻለሁ። ሳር ቤትን እንዳለፍን ልቤ ድንገት ድው ድው ማለት ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ከንፈሬ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። አየር እየሳብኩ አየር አጠረኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ ስልኩን ይነካካል፤ ሬዲዮው ስለ ኳስ ያወራል፤ እኔ ደግሞ እየሞትኩ ነው። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ እዚህ ጋ አይቻልም ሊለኝ ዞሮ ፊቴን ሲያይ ዝም ብሎ በሩን ከፈተው።

የማላውቃቸው አንዲት እናት አብረውኝ ወረዱ። «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» እያሉ፣ ክንዴን እንደያዙ ድንገተኛ ክፍል አደረሱኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ደም ተወሰደ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ለቀቀኝ። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አየና «ልብሽ ደህና ነው። ምንም የለብሽም፣ ቤትሽ ሄደሽ እረፊ» አለኝ።

እማዬ «ተመስገን» ብላ አለቀሰች። እኔም ተመስገን አልኩ። ሌሊት ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። ምንም ከሌለብኝ ያ ምን ነበር?

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ያው ወረቀት፣ ያው መልስ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ሰጠኝ። ጨጓራ ነው። ደም ማነስ ነው። ምች ነው። ዓይን ነው። ትዳር ስላልያዘች ነው ያሉም ነበሩ። የደም ማነስም የታይሮይድም ምርመራ አደረግኩ። ይሄኛው ትክክል ነበር። ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ልክ እንደዚህ ልብን ሊያስደልቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውነትን ማስመርመር የግድ ነው። የእኔ ችግር የመጣው ውጤቱ ሁሉ ደህና ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ።

ቀስ በቀስ ዓለሜ ጠበበ። መጀመሪያ የታክሲው መጨረሻ ወንበር ቀረ። ከዚያ ታክሲው ራሱ ቀረ። ቅዳሴ ላይ ከበሩ ርቄ መቆም አቃተኝ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ መሐል መቀመጥ አቃተኝ። ለቅሶ አለመድረስ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ታዘበኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ የውሃ ኮዳ አለ፣ አንዲት የጭንቀት ማስታገሻ ክኒን አለች። እነሱ ከሌሉ ከቤት አልወጣም።

በስንት ጉትጎታ አንዲት የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉትጎታው ለምን እንዳስፈለገ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃል። «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ልጅ ሆነን እንደ ስድብ ስንወራወረው የኖርን ነን። ሐኪሟ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ያለችኝ የመጀመሪያ ቃል «ይሄ ስም አለው» የሚል ነበር። ፓኒክ ዲስኦርደር ይባላል፣ ድንገት የሚነሳ የፍርሃት ማዕበል የሚመላለስበት ሕመም ነው አለችኝ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። የማይገጥም ቁጥር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስሙን ካገኘሁ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ ማንበቡንም አላቆምኩም። ከዚህ በታች የምጽፈው ካነበብኩት ውስጥ ልቤን የነካው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ ሩቅ ነው የሚጀምረው። ጄኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ልባችን አስቸገረን የሚሉ ወታደሮችን ይመረምራል። ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ልባቸው ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ልባቸው ላይ ግን የሚታይ ጉዳት የለም። በ1871 የ300 ወታደሮችን ታሪክ መሠረት አድርጎ ጻፈ። ስሙንም በትንሽ ነገር የሚቆጣ ልብ እንደማለት አድርጎ ሰየመው። ሁሉም የዛሬው ፓኒክ ነበረባቸው ማለት አይደለም፤ ትኩሳትና ተቅማጥ ያደከማቸውም ብዙ ነበሩ። እኔን የነካኝ ግን ሰውየው ዳተኞች ናችሁ ብሎ አለማባረሩ ነው። ልባቸው ደህና ሆኖ እያየ ሕመማቸውን አመነ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት!

ከዚያ ብዙ ዘመን አለፈ። ፍሮይድ በ1895 ይህን መሰል ጭንቀት ከሌላው የነርቭ ድካም ለይቶ ጻፈ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ እንደገና «የወታደር ልብ» ተባለ። ትልቁ ነገር የመጣው ግን ኒውዮርክ፣ ሂልሳይድ በሚባል ሆስፒታል ነው።

ዶናልድ ክላይን ወጣት የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢሚፕራሚን የሚባል አዲስ መድኃኒት መጣ፤ ለድብርት ነው የታሰበው። ክላይን ከባድ ጭንቀት ላለባቸውና ሌላ ነገር ላልረዳቸው ሕሙማን ሞከረው። ከእነሱ ውስጥ በየጊዜው እየሮጠ ነርሶቹ ዘንድ የሚሄድ አንድ ታማሚ ነበር። «ልሞት ነው» ይላል። ነርሶቹ እጁን ይዘው ያረጋጉታል። ጥቂት ቆይቶ ይለቀዋል። ነገ ደግሞ እንደገና። መድኃኒቱ ከተጀመረ ሳምንታት አለፉ። ታማሚው ምንም ለውጥ የለም አለ። የሚያነጋግረው ሐኪምም እንደዚያው። ለውጡን ያየችው ነርሷ ናት። ይሄ ሰው እኛ ዘንድ እየሮጠ መምጣቱን አቁሟል እኮ አለች።

ይቺን ታሪክ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ታክሲ ውስጥ ያገኘኋቸው እናት ትዝ አሉኝ። እጅ የያዘ ሰው ነው ያየው።

ሰውየው አሁንም ይጨነቃል፤ አሁንም ከግቢው ለመውጣት ይፈራል። ነገር ግን ያ እንደ ጎርፍ ድንገት የሚመጣው ነገር ቆሟል። ክላይን ከዚህ አንድ ነገር ተረዳ። ፍርሃት የምንለው አንድ ነገር አይደለም። አንደኛው ድንገት መጥቶ የሚሄደው ማዕበል ነው። ሌላው «ተመልሶ ይመጣ ይሆን?» እያሉ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ የተነሳ ታክሲውንና ድንኳኑን መሸሽ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህንን ጻፈ። ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። በ1980 ግን የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ፓኒክ ዲስኦርደርን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው። ሐኪሟ ለእኔ የነገረችኝ ስም ዕድሜው ይሄው ነው። እናቴ ከስሙ በዕድሜ ትበልጣለች።

ስም ከተገኘ በኋላ ጥያቄው «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ሆነ። እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ሁለት ወገን ይዘው ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ።

አንደኛው ወገን ነገሩ ሰውነት ውስጥ ነው አለ። በ1967 ፒትስ እና ማክሉር የሚባሉ ሐኪሞች ሶዲየም ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር በደም ሥር ሲሰጡ፣ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች እዚያው አልጋው ላይ ፓኒክ አደረጉ። ከጤነኞቹ አብዛኞቹ ግን እንደዚያ አልሆኑም። በኋላም 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር አንድ ጊዜ በጥልቀት ማስተንፈስ ተመሳሳይ ነገር እንደሚያመጣ ታየ። ክላይን በ1993 ከዚህ ተነስቶ ሐሳቡን አቀረበ። አእምሯችን ውስጥ መታፈንን የሚያስጠነቅቅ ደወል አለ፤ የእነዚህ ሰዎች ደወል ያለ ምክንያት ይጮኻል አለ። አየር አጠረኝ የሚሉትም ለዚህ ነው።

በደም የሚመጣ ነገርም አለበት። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጋላጭነቱ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። ይህን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ዕድሜ ልኳን «ልቤን» ትል ነበር። ገበያ አትሄድም። ሰርግ ቤት በር ላይ ነው የምትቀመጠው። እኛ ደግሞ ልብ ድካም አለባት እንል ነበር። በሰባ ስምንት ዓመቷ ነው ያረፈችው፤ በጉበት። ልቧ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር። ማንም ስሙን ሳይነግራት ሄደች።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ትርጓሜው ነው አለ። ኦክስፎርድ የነበረው ዴቪድ ክላርክ በ1986 ያቀረበው ሐሳብ ለእኔ እንደ መስታወት ነበር። ልብ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይመታል፤ ይሄ ማንም ላይ የሚሆን ነው። ሰውየው ግን «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጓሜው ያስፈራዋል። ፍርሃቱ ልቡን የበለጠ ያስመታዋል። የበለጠ ሲመታ «ይኸው!» ይላል። ክቡ እንዲህ እየከረረ ይሄዳል። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ የሆንኩት ይሄው ነው። አየር ያጠረኝ ሲመስለኝ በእውነቱ አየር በዝቶብኝ ነበር። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ወደ አእምሮ የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠብባሉ። ራስ ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ላይ ጉንዳን ይሄዳል። እኔ ደግሞ የበለጠ እተነፍስ ነበር።

ከሁሉም ሙከራዎች የምወደው በ1989 የታተመው የሳንደርሰን፣ የራፒ እና የባርሎው ሥራ ነው። ሕመሙ ያለባቸውን 20 ሰዎች 5.5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር አስተነፈሷቸው። ፊታቸው መብራት አለ። መብራቱ ሲበራ አጠገባቸው ያለውን ማዞሪያ ተጠቅመው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መቀነስ እንደሚችሉ ተነገራቸው። ለግማሾቹ መብራቱ በራ፤ ለግማሾቹ አልበራም። ማዞሪያው ግን ከምንም ጋር የተያያዘ አልነበረም። ሁሉም የተነፈሱት አንድ ዓይነት አየር ነው። መብራት ካልበራላቸው አሥር ሰዎች ስምንቱ ፓኒክ አደረጉ። መቆጣጠር እችላለሁ ብለው ካመኑት አሥር ሰዎች ደግሞ ሁለቱ ብቻ።

ታዲያ ሁሉም ሐሳብ ነው እንዳንል በ2013 አንድ ነገር ታተመ። አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ ኤስ.ኤም. በሚል ምህጻር ብቻ የምትታወቅ ሴት አለች። ብርቅ በሆነ በሽታ ምክንያት አሚግዳላ የሚባለው፣ የፍርሃት ማዕከል ሲባል የኖረው የአእምሮዋ ክፍል በሁለቱም ወገን ጠፍቷል። እባብ በእጇ ትይዛለች። ምንም አያስፈራትም። ያንን 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ስትተነፍስ ግን ጭምብሉን ለመንቀል ታገለች፣ እርዱኝ አለች። እንደ እሷው የተጎዱ ሁለት መንትዮችም እንደዚያው ሆኑ። ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ተቃራኒውን ነበር። ለካ ከውጭ ያየነውን አደጋ የምንፈራበት መንገድና ከገዛ ሰውነታችን ውስጥ የሚመጣው ጩኸት አንድ አይደሉም።

እኔ የማንንም ወገን አልይዝም። ሁለቱንም በሰውነቴ አውቃቸዋለሁ። ደወሉ እውነት ነው። የደወሉ ትርጉም ግን «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» ማለት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ስለ ቡና ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን፣ አእምሮን የሚያረጋጋውን መልእክተኛ ይዘጋል። በ2022 ቀደም ያሉ ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ ወጥቶ ነበር። ፓኒክ ዲስኦርደር ካለባቸው ሰዎች 400 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካፌይን ሲወስዱ ግማሽ ያህሉ ፓኒክ አደረጉ። ካፌይን የሌለው የተሰጣቸው ጊዜ ግን አንዳቸውም። ብዙ መጠን ነው፤ ሁለት ስኒ ቡና ማለት አይደለም። እኛ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን፣ ከቢሮ ማኪያቶ ጋር ደርበን፣ ምሳ ዘለን የምንጠጣ ሰዎች ነን። ሐኪሟ ለጊዜው አቁሚ ስትለኝ ከመድኃኒቱ ይልቅ ይሄ ነው የከበደኝ። እማዬ ቡና አፍልታ «አልጠጣም» ማለት ቤታችን ውስጥ እንደ ኩርፊያ ነው። መጀመሪያ ተቀየመች። ከዚያ ለእኔ ብቻ የጤና አዳም ሻይ ማፍላት ጀመረች። ረከቦቱ ላይ ከሲኒዎቹ አጠገብ ለየት ያለ አንድ ብርጭቆ ተቀመጠ።

ጠበልም ሄጃለሁ። እማዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወሰደችኝ። ሦስት ቀን ተጠመቅኩ። ልቤ አርፎ ነው የተመለስኩት፤ ይህንን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ሐኪሟም ስነግራት አልተቆጣችም፤ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጪ አለችኝ። አላቋረጥኩም።

መድኃኒቱ ሰርትራሊን ነው። የኢሚፕራሚንን ቦታ የወሰዱት እንደ እሱ ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ቀለል ይላል። በትንሽ መጠን ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ጭንቀቱ ባሰ። ይህ እንደሚሆን አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ ያን ጊዜ ጥዬው ነበር። ለውጡ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረችው ማስታገሻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት። ወዲያው ታረጋጋለች፤ ግን ሱስ ታስይዛለች። ከዚያ የሚብሰው፣ ሰው የተረፈው በክኒኗ እንደሆነ ያምናል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሳልውጣት በእጄ ጨብጬ ብቻ ነበር የምረጋጋው። ሐኪሟ ይህንን ስነግራት ፈገግ ብላ «ታዲያ ማን አዳነሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከመድኃኒቱ ጎን የንግግር ሕክምና ነበር። ለሦስት ወር፣ በሳምንት አንድ ቀን። በ2000 የታተመ ትልቅ ጥናት 312 ታማሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ኢሚፕራሚኑም ይህ ሕክምናም ሁለቱም ረድተዋል። ሁሉም ካቆመ ከስድስት ወር በኋላ ግን ውጤቱ የተሻለ የጸናላቸው ሕክምናውን ያለ ኢሚፕራሚን የወሰዱት ነበሩ። እኔ ሁለቱንም ነው የወሰድኩት። ከቤት መውጣት አቅቶኝ ስለነበር ያለ መድኃኒቱ ወንበሯ ድረስ መድረሴን እጠራጠራለሁ።

ሕክምናው ወሬ ብቻ አይደለም። የምትፈሪውን ስሜት ራስሽ ጥሪው ነው የሚለው። ወንበር ላይ እየተሽከረከሩ ራስን ማዞር። ልብ እስኪመታ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። አፍንጫን ይዞ በቀጭን ስትሮ አንድ ደቂቃ መተንፈስ። በየቀኑ። ልብ ይመታል፣ አየር ያጥራል፣ ግን ሞት አይመጣም። አእምሮ ይህንን ከመጽሐፍ አይማርም። ደግሞ ደጋግሞ ካላየ አያምንም።

የመጀመሪያውን የስትሮ ልምምድ ያደረግኩት ሳሎን ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ፊቴ ሲቀላ ሮጣ መጥታ ስትሮውን ልትነጥቀኝ ነበር። «ይሄ ነው ሕክምናው?» አለች። አስቀምጬ አስረዳኋት። ሐኪሟ የሳለችልኝን ክብ በእስክሪብቶ ሳልኩላት። ልብ፣ ትርጓሜ፣ ፍርሃት፣ ልብ። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን «ትርጓሜ» የሚለው ላይ አድርጋ፣ «እኔም እዚህ ጋ ነበርኩ፤ አንቺን ሳይ ትሞትብኛለች ብዬ አብሬሽ እፈራ ነበር» አለችኝ። ከማግስቱ ጀምሮ በስልኳ ሰዓት የምትይዝልኝ እሷ ሆነች።

አሁን ታክሲ እሳፈራለሁ፤ መጨረሻ ወንበርም ጭምር። ቡና አቦሉን ብቻ እጠጣለሁ። ፓኒኩ ግን ጨርሶ አልሄደም። ባለፈው ወር ሌሊት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ቅዠት አይደለም፤ ሕልም ከማይታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው የሚነሳው። ተነስቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ ኮቴዬን ሰምታ መጣች። መብራቱን አላበራችም።

«መጣ?» አለችኝ።

«መጣ።»

«እሺ» ብላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጄን አልያዘችም፣ ውሃም አላመጣችም፤ እንዳታደርግ ነግሬያት ነበር። መቁጠሪያዋ ብቻ በጨለማው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ልቤ ሲወጣ ሰማሁት። ሲወርድም ሰማሁት። ውጭ አንድ ውሻ ይጮኻል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳች።

«ሻይ ላፍላ?»

«አፍዪ።»